የመኪና ማሞቂያ ደዌ መንሥኤው ወዴት ነው?

ከሐዋሳ ፒያሳ ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሲዳማ ደጋ፣ ወደ ሀገረ ሰላም የሚወጣ ሾፌር፣ በከተማው ሙቀት የዘነጋውን የመኪና ማሞቂያ፣ ብርዱና ጉሙ የፊት መስታወቱን በጋረዱበት ሰዓት ፈልጎ ቢያጣው፣ የሚጎድለው ምቾት ብቻ ሳይሆን የዓይን ብርሃን ጭምር ነውና፣ ብልሽቱን አስቀድሞ በሥርዓት መመርመር ይገባዋል።

የማሞቂያው ፋን ፈጽሞ የማይነፍስ እንደ ሆነ፣ ፊውዙ፣ ከዚያም ሽቦው ይታይ፤ በከፍተኛው ፍጥነት ብቻ የሚነፍስ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የተቃጠለው የፋኑን ፍጥነት የሚመጥነው ሬዚስተር ነው።

ነፋሱ እየመጣ ሙቀት ከሌለው፣ በቅድሚያ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩ ውኃ ይታይ። በቫኪዩም በሚታዘዙት አሮጌ መኪኖች ዘንድ ደግሞ፣ የሞተሩ የመሳብ ኃይል በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አልፎ የሙቅ ውኃውን ቫልቭና የአየሩን መዝጊያ የሚያንቀሳቅስ ስለ ሆነ፣ ቱቦው በዕድሜ ብዛት ከተሰነጠቀ፣ ማዘዣው ቢዞርም የሚታዘዝ አካል አይገኝም። ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ ቱቦው ከቫልቩ ተነቅሎ ጫፉ በጣት ይደፈን፤ ማዘዣው ወዲያና ወዲህ ሲዞር በአንዱ ወገን ጣትን ከሳበ፣ ኃይሉ ደርሷልና ቫልቩ ይመርመር፤ በየትኛውም ወገን ካልሳበ፣ ቱቦውን ወደ ሞተሩ እየተከተሉ ስንጥቁን መፈለግ ነው።

በናፍጣ መኪና ቫኪዩሙን የሚያመነጨው ፓምፕ በአብዛኛው ፍሬኑንም የሚያግዝ በመሆኑ፣ የፍሬኑ ፔዳል ከወትሮው የጠጠረበት ሾፌር፣ ማሞቂያውን ትቶ ሳይውል ሳያድር ወደ መካኒክ ይሂድ።