በራችን ለምን ጠመመ?

(የማኅበሩ ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ዕቃ ቤታችን በር ነው። ስለ አንድ በር ይህን ያህል ምን ይወራል የሚል አይጠፋም። ነገር ግን አምና በነሐሴ ለቅሶ ደርሶብን ድንኳኑንና ወንበሩን ልናወጣ ስንሄድ፣ በሩ አልከፈት ብሎ አራት ጎልማሶች በትከሻቸው ሲገፉት፣ ሐዘንተኞቹ በዝናብ ቆመው እንደጠበቁ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አናጢው በላን» የሚል ወሬ በሰፈሩ ተነዛ። ሰውየውም ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን ሥራ አላገኘም። እኔም ነገሩን እያወቅሁ ዝም በማለቴ ኅሊናዬ ሲወቅሰኝ ከርሟል። ስለሆነም እውነቱን ላስረዳ።

ጥፋቱ የአናጢው አይደለም፤ የእኔ ነው።

በሩ በመጋቢት ሲታዘዝ አናጢው የተገዛውን የፈረንጅ ጥድ ጣውላ አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ገና እርጥብ ነው፤ ወይ የደረቀ ይገዛ፣ ወይ ይቆይ» አለኝ። የደረቀው ዋጋው ከበድ ይላል፤ እኔም ለፋሲካ ይድረስ ብዬ አጣደፍሁት። ሁለተኛ፣ ይጠንክር ብዬ መካከል የሚገቡት ሳንቃዎች ዙሪያቸውን በኮላና በምስማር እንዲያዙ አስገደድሁ። ሦስተኛ፣ ቀለም ለመቆጠብ በውጭ በኩል ብቻ አስቀባሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ እየሄድሁ አናጢውን ጠይቄ የተረዳሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ። ነገ ሁላችንም ለየቤታችን በር ማሠራታችን አይቀርምና።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይለቃል። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሟሽሻል። ይህ ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይደለም። በቁመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም፤ በስፋቱ ግን 40 ሳንቲሜትር የሆነ ሳንቃ በበጋና በክረምት መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ሊጠብና ሊሰፋ ይችላል። ይህን ጉልበት ምስማርም ሆነ ኮላ አያቆመውም። ሲከለክሉት ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ይጠማል። የእኛም በር በግንቦት መካከሉ ላይ የተሰነጠቀው፣ እርጥቡ ሳንቃ ሲደርቅ መጥበብ ፈልጎ ዳርና ዳሩ ስለታሰረ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያልተቀባው የውስጥ ገጹና የታችኛው ጫፉ እርጥበት ጠጣ፤ የተቀባው ወገን ግን እንደዚያ አልጠጣም። አንዱ ወገን ሲያብጥ ሌላው ባለበት ሲቀር በሩ ቆለመመ፤ ከታች ከመቃኑ ጋር ተነከሰ።

ታዲያ በር እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፣ ጣውላው ይድረቅ። በአናጢዎች ልማድ በአየር ለሚደርቅ እንጨት ለ2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰባል። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በየመካከሉ ስስ ዘንግ እየተደረገ፣ ጥላ ሥር ይደረደራል፤ ከላይም ክብደት ይጫንበታል። መድረቁን ለማወቅ አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ በሩ ከሁለት ቋሚዎችና ከአግዳሚዎች ይዋቀር። የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ በቋሚው ቀዳዳ ይገባል፤ ኮላ የሚቀባው እዚህ ላይ ነው። ለቋሚውም ጭረቱ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበት ጣውላ ይመረጥ።

ሦስተኛ፣ ሳንቃው በቋሚዎቹና በአግዳሚዎቹ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ይግባ እንጂ አይጣበቅ፣ አይመታ። ቦዩ 12 ሚሊሜትር ጥልቀት ካለው፣ በበጋ የሚሠራ ሳንቃ በግራም በቀኝም 9 ሚሊሜትር ያህል ገብቶ 3 ሚሊሜትር ለክረምቱ እብጠት ይተውለት። በክረምት የሚሠራ ከሆነ ክፍተቱ ያንሳል፤ እንጨቱ ቀድሞ አብጧልና። ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት ከላይና ከታች መካከሉ ላይ ብቻ አንዳንድ ቀጭን ምስማር ይበቃዋል።

አራተኛ፣ ሳንቃው ከመገጠሙ በፊት ዙሪያውን ይቀባ። ያለዚያ በበጋ ሲጠብ ያልተቀባ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። በሩ ካለቀ በኋላ ውስጡም ውጪውም እኩል ይቀባል። ከሁሉ በላይ የላይኛውና የታችኛው ጫፍ አይረሳ። ማንም አያየውም ብለን የምንተወው እሱ ነው፤ ውሃ በብዛት የሚጠጣውም እሱ ነው።

አምስተኛ፣ ኮላው ሳይደርቅ ከማዕዘን ማዕዘን በገመድ ይለካ፤ ሁለቱ ልኮች እኩል ካልሆኑ በሩ ተንጋድዷል። ሲሰቀልም ሦስት ማጠፊያ ይደረግለት፤ በመቃኑና በበሩ መካከልም በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ያህል ይተው።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን ልመለስ። አንዳንድ አባላት በሩ ተጥሎ የብረት ይገዛ ብላችኋል። አሳባችሁን አከብራለሁ። ነገር ግን ጣውላው አሁን ደርቋል። አናጢው አይቶት፣ ከአንዱ ቋሚ በቀር ሌላው ይተርፋል ብሏል። የተሰነጠቀው ሳንቃ በስንጥቁ ላይ ተላግቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ የጠበበውን ያህል ቅጥያ ይጨመርለታል። አሁን ጥር ነው፤ በጋው ሳያልፍ ይሠራ እላለሁ። ለአዲሱ ቋሚ፣ ለኮላውና ለቀለሙ የሚወጣውን ገንዘብ እኔ ከኪሴ እከፍላለሁ፤ ከማኅበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አይወጣም። የእጅ ዋጋውን ግን ማኅበሩ ለዚያው አናጢ እንዲከፍል አጥብቄ እለምናለሁ። እሱ በነጻ እሠራለሁ ብሎኛል፤ እኔ ግን እንቢ ብያለሁ። ያላጠፋ ሰው ካሣ አይከፍልም።

እናንተም በየቤታችሁ «አናጢው በላን» ስትሉ ልጆቻችሁ ሰምተዋል። አሁን ደግሞ «ጸሐፊው ነው ያጣደፈው» ብላችሁ ንገሯቸው። አልቀየምም። ሰውየውም ነገ በደጃችሁ ሲያልፍ እንደ ቀድሞው ሰላምታ አትንፈጉት።