ጫማ አውልቀን ከመዝለላችን በፊት

(አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አባላችን በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ያደረገችው ንግግር)



ቅዳሜ ጠዋት ገመድ መዝለል የጀመርን ሰሞን አዳራሹ አይበቃንም ነበር። አሁን ከግማሽ በታች ሆነናል። የቀሩትን አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ። "ጊዜ አጣሁ" ያሉኝ ጥቂት ናቸው። ሌሎቹ "ባቴ ተሳሰረ"፣ "ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜ አላስረግጥ አለኝ" ነው ያሉኝ። ጊዜውን ሳሰላው ችግሩ የመጣው ጫማ አውልቀን መዝለል በጀመርን በሦስተኛው፣ በአራተኛው ሳምንት ላይ ነው። ስለዚህ ማንም "ሰነፉ" አይበላቸው። እኔ በሥራዬ ይህን ሦስተኛና አራተኛ ሳምንት ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንፋሽና ጡንቻ ቶሎ ይለምዳሉ። በሁለት በሦስት ሳምንት ሰውነት ይቀላል፣ ሰውም "በቃ ችያለሁ" ብሎ ይጨምራል። ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ። ጡንቻው ቀድሞ ሲሮጥ ጅማቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሕመሙ የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። በጫማ ስንሄድ ብዙውን ሥራ ጫማው ያግዛቸዋል፤ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ደግሞ የባታችንን ጡንቻ አሳጥሮ ያስለምደዋል። ጫማ አውልቀን ስንዘል ተረከዛችን መሬት እምብዛም አይነካም። የምናርፈው ከጣቶቻችን ሥር ባለው የእግር ክፍል ላይ ነው፤ ክብደታችንን የሚይዘው ባታችንና ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያያዘው ወፍራም ጅማት ነው። በደቂቃ 100 ጊዜ ብንዘል በአምስት ደቂቃ 500 ጊዜ አረፍን ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ምድጃ ፊት ወይም ሱቅ ውስጥ ቆማ የምትውል ሴት "እኔማ እግሬ ጠንካራ ነው" ትላለች። መቆም ያደክማል እንጂ ለዚህ አያዘጋጅም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ነበር። ሯጮች በ10 ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ስስ ሶል ጫማ እንዲሸጋገሩ ተደረገ። እግራቸው በኤምአርአይ ሲታይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አጥንታቸው ውስጥ የጫና ምልክት ተገኘ። በለመዱት ጫማ የቀጠሉት ላይ ግን ብዙም አልታየም። እነዚያ ሯጮች ነበሩ፤ እኛ ደግሞ ከቢሮና ከጓዳ የመጣን ነን።

አንድ እናታችን "እኛ በባዶ እግራችን አይደል ያደግነው? አበበ ቢቂላስ?" አሉኝ። እውነት ነው፣ ሮም ላይ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። ጉዳዩ ከሥር ያለው እግር ነው። በልጅነታችን ገመድና ሰኞ ማክሰኞ የዘለለው እግር ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ጫማ ውስጥ ተቀምጧል።

እግረ መንገዴን፣ ባዶ እግር ስል አዳራሽ ውስጥ፣ በተጠረገ ወለል ላይ ማለቴ ነው። እናቶቻችን ጫማ ሊገዙልን የለፉት በከንቱ አልነበረም። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያመጣል፤ በአገራችን ብዙ ሰው ተጎድቶበታል። ወደ ሜዳ ስትወጡ ጫማችሁን አድርጉ።

አሁን ወደ ሥራው። ግድግዳ ያዙና በአንድ እግር ቁሙ፤ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ ተረከዛችሁን እስከ መጨረሻው አንሱ፣ አውርዱ፣ ቁጠሩ። በእኛ ሙያ 25 ጥሩ ውጤት ይባላል፤ በዕድሜ ለገፋች ከዚያ ቢያንስ አያስደንቅም። አሥር ያልሞላላት ግን እኔን ከሰማች ገመዱን ለጊዜው ሰቅላ ታቆየው።

ያን ሰሞን የምትሠራው ቀላል ነው፤ ትንሽ ይሰለቻል እንጂ። በሁለት እግር ተረከዝ ማንሳት፣ ሁለት ቆጥሮ መውጣት፣ ሦስት ቆጥሮ መውረድ፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ከዚያ ጉልበትን ትንሽ አጥፎ ያንኑ መድገም፤ ከውስጥ ያለው የባት ጡንቻ የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ ሲቀል በአንድ እግር። ከዚያም ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ከደረጃው በታች ቀስ ብሎ ማውረድ። ይህን ማውረድ አትናቁት። በ1998 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሐኪም ሃካን አልፍሬድሰንና ባልደረቦቹ ይህ ጅማታቸው የታመመ 15 ሯጮችን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት ይህንኑ አሠርተው ሁሉም ወደ ሩጫቸው ተመልሰዋል። 12 ሳምንት መሆኑን ልብ በሉ።

ለጣቶቻችሁ ደግሞ ወለል ላይ ፎጣ አንጥፉና በጣቶቻችሁ እየሰበሰባችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱት። ቡናው እስኪፈላ በአንድ እግር ቁሙ፤ ሲቀል ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ምድጃው አጠገብ ግን አይሁን።

ገመዱ ሲመጣ 20 ሴኮንድ መዝለል፣ 40 ሴኮንድ ማረፍ፣ አምስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ከመሬት ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር መነሳት ይበቃል፤ ገመዱ ቀጭን ነው። የገመዱን መሐል ረግጣችሁ ስትወጥሩት መያዣው ብብታችሁ ዘንድ ይድረስ። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አትዝለሉ፤ ጣውላ ወይም ስስ ምንጣፍ ይሁን። በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፤ ወይ ዙር፣ ወይ ሴኮንድ።

በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ከትናንቱ ከባሰ ወደ ኋላ ተመለሱ። እግር ላይ በጣት ልታመለክቱት የምትችሉት አንድ ቦታ አጥንቱ ካመማችሁ አቁሙና ሐኪም ይያችሁ። ስኳር ያለባችሁ እህቶች ጫማችሁን አታውልቁ፤ እግር ስሜት ሲያጣ ቁስሉ ሳይታወቅ ይከፋል።

አንድ በሹክሹክታ የሚነገረኝ ነገር አለ፤ እኔ ጮክ ብዬ ልናገረው። ስትዘሉ ሽንት የሚያመልጣችሁ ካላችሁ፣ ከወሊድ በኋላ ብዙ ሴት ላይ ይደርሳል፣ ሕክምናም አለው። ዝላዩን ለጊዜው ተዉት፣ ተረከዝ ማንሳቱን ግን ቀጥሉ፣ እኔንም ለብቻ አነጋግሩኝ።

"በ60 ዓመቴ ደግሞ ምን ልዝለል?" ላሉኝ እናቴ፣ አይዝለሉ። ተረከዝዎን ግን ያንሱ። ታክሲ ውስጥ ሲወጡ፣ በእርጥብ ደረጃ ሲወርዱ ሚዛንዎን የሚይዘው ይኸው ባት ነው።

ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለአራት ሳምንት ገመድ አናወጣም። እያንዳንዳችሁ አንድ ፎጣ ይዛችሁ ኑ። የቀሩትንም ጥሩልኝ፤ ከእነርሱ ጋር ከመጀመሪያው እንጀምራለን።