የድቅል በቆሎ ዘር ለምን በየዓመቱ ይገዛል?



ትልልቁን የበቆሎ ራስ መርጦ ለዘር ማስቀመጥ የቆየ ልማድ ነው። በድቅል ዘር ግን ይህ ልማድ አርሶ አደሩን ይጎዳል።

የበቆሎ ሕዋስ 20 ክሮሞዞሞች አሉት፤ 10 ከእናት፣ 10 ከአባት። ቁመትና በሽታን የመቋቋም ባሕርይ የሚወረሱት በእነዚህ ነው። እንደ ቢኤች 540 ያለ ድቅል ከተመረጡ ወላጆች ስለሚገኝ ማሳው እኩል ያድጋል። ከጎተራ ወጥቶ ዳግም ሲዘራ ግን ጥንዶቹ ተለያይተው በአዲስ መልክ ይገጣጠማሉ፤ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፣ ምርቱም ይቀንሳል። ይህን ማዳበሪያ አይመልሰውም።

ስንዴና ጤፍ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያራቡ ንጹሕ ዘራቸው ለጥቂት ዓመታት ያገለግላል።

ስለዚህ አባላት የዘር መግዣውን ምርት ሲሸጡ ይቆጥቡ፤ ማኅበራትም ፍላጎቱን አስቀድመው ይመዝግቡ።

መልካም የምሥረታ በዓል!