የቆመ መኪና አደጋ፤ የሥጋት ትንተና በጥገና ሥፍራ



ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ሳለ ሰው ሁሉ ይጠነቀቅለታል፤ ጥገና ገብቶ ሲቆም ግን ጥንቃቄውም አብሮ ይቆማል። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው «ቆሟል» ብሎ ባመነው መኪና፣ «ጠፍቷል» ብሎ ባመነው የኤሌክትሪክ መሥመር፣ «ባዶ ነው» ብሎ ባመነው የነዳጅ በርሜል ነው። የአደጋ ሥጋት ትንተና ማለት ይህንን እምነት ሥራው ከመጀመሩ በፊት መመርመር ማለት ነው።

ለዚህ ግልጽ ምሳሌ የሚሆነው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ለባቡሮቹ መጠገኛ በቃሊቲና በአያት ዴፖዎች ተሠርተዋል። ባቡሮቹ ኃይል የሚያገኙት ከበላያቸው ከተዘረጋ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከሚያስተላልፍ ሽቦ ነው። በባቡር ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሚሠራ ጠጋኝ ከዚህ ሽቦ የሚርቀው በክንድ ያህል ብቻ ነው። ስለሆነም እንዲህ ባለ ሥፍራ ኃይሉን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም። ማቋረጫው በቁልፍ ይታሰራል፤ ቁልፉም በጠጋኙ እጅ ይቆያል፤ ሽቦው ኃይል አለመያዙ በመሣሪያ ይፈተሻል፤ በመጨረሻም ከምድር ጋር ይገናኛል።

ጋምቤላ ሐዲድ የላትም፤ ይሁን እንጂ በትራንስፖርት ታሪክ የቆየ ስም አላት። እ.ኤ.አ. በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተፈራረሙት ውል በኋላ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመላለሱ ነበር። የሚመጡት ወንዙ በሚሞላበት ወራት ብቻ ስለነበር የሥራውን ጊዜ የሚወስነው ባሮ ነበር። ዛሬም አምቡላንስና የጭነት መኪና የሚጠግን የከተማይቱ ባለሙያ የሚሠራው በዚያው ዝናብና በዚያው ሙቀት ውስጥ ነው።

በዚህም ምክንያት ከደጋ ከተማ የተገለበጠ የአደጋ ዝርዝር ለጋምቤላ አይበቃም። በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ቤንዚን ፈጥኖ ይተናል፤ የብየዳ ፍንጣሪም ተኑን ሊያቀጣጥለው ይችላል። ወፍራም ጓንትና የፊት መከለያ ቀኑን ሙሉ ለብሶ መዋል ይከብዳል፤ ድካሙም ጥንቃቄን ያሳንሳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ መሬቱ ይርሳል፤ በጠዋት ጠንካራ የመሰለው አፈር በቀትር ክሪኩን ያሰምጣል።

አንድ መካኒክ በእርጥብ መሬት ላይ በክሪክ ብቻ በተደገፈ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ይሠራል እንበል። አደጋው የመድረሱ ዕድል ከ5 ነጥብ 4፣ የጉዳቱ ክብደት ሞት በመሆኑ 5 ቢሰጠው፣ ሲባዛ 20 ይሆናል። መሬቱ በኮንክሪት ቢለበጥ፣ ጎማዎቹ በታኮ ቢያዙ፣ መኪናውም በብረት መቆሚያ ላይ ቢያርፍ ዕድሉ ወደ 1 ሊወርድ ይችላል፤ ውጤቱም 5 ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የክብደቱ ቁጥር ከ5 ፈቅ አለማለቱ ነው። መኪናው ከወደቀ ዛሬም ይገድላል። ጥበቃው ለአንድ ቀን ቢጓደል የቀድሞው 20 በዚያው ቀን ይመለሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በቅድሚያ አደጋውን ከምንጩ ማስወገድ፣ ካልተቻለ በመሣሪያና በግንባታ መከላከል፣ ቀጥሎ የሥራ ሥርዓት ማውጣት፣ በመጨረሻም የራስ ቁርና ጓንት ማልበስ ይገባል። ይህን ገልብጦ ከጓንት የሚጀምር ኃላፊ ሸክሙን ሁሉ በሠራተኛው ላይ ይጥላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅን ግዴታ በአሠሪው ላይ ማኖሩም መዘንጋት የለበትም።

ትንተናው በቢሮ ተጽፎ በፋይል የሚቀመጥ ወረቀት ሊሆን አይገባም። ክሪኩ የት እንደሚሰምጥ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ከመኪናው ሥር የሚተኛው ሰው ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው እርሱ ነው። በየበጋውና በየክረምቱ መግቢያም ዝርዝሩ እንደገና ይታይ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው።