ከአፈሩ በታች ያለው ውሃ

(የእርሻ ክበብ ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን ክብረ በዓል ላይ ያሰሙት ንግግር)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዛሬው ዕለት በፊታችሁ ቆመን እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። የምንናገረው ግን ስለ ድላችን ሳይሆን ስለ ጥፋታችን ነው። ባለፈው በጋ ከላቦራቶሪው ጀርባ የተከልነው ሽንኩርት እንደ ጠፋ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ስቃችሁብናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመደቡ ፊት ደርቆ ስናየው ሽንኩርቱ የተጠማ መስሎን ማለዳ ማለዳ እናጠጣው ነበር። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ደግሞ ውሃ ያነሰው መስሎን ማታም ጨመርንለት። በመጨረሻ ስንነቅለው ሥሩ በስብሶ ሸተተን። በዚያን ጊዜ አንዱ ጓደኛችን በዶማ አንድ ስንዝር ያህል ቢቆፍር፣ ከላይ እንደ ገል የደረቀው አፈር ከታች ጭቃ ሆኖ ተገኘ። ሥሩ አየር አጥቶ ታፍኖ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳንቆፍር አናጠጣም። መጀመሪያ የተማርነው መጨበጥን ነው። ሥሩ ከሚደርስበት ጥልቀት አፈር ወስዶ በመዳፍ መጨበጥ፤ መዳፍን ካራሰ ውሃ አይሻም፤ ተድቦልቡሎ ከጸና መልካም ነው፤ አልድቦለቦል ብሎ ከፈረሰ ውሃ ይሻል። ይህን ወላጆቻችን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ እኛ ያጎደልነው መጠየቁን ነው።

ቀጥሎ በሚዛን ለካን። በደንቡ አፈሩ በ105 ዲግሪ ሙቀት ለ24 ሰዓት ይደርቃል። እንዲህ ያለ ምድጃ ስለሌለን በብረት ምጣድ ላይ በጥቂት ፍም አደረቅነው (የምጣዱ ባለቤት እስከ ዛሬ አልታረቁንም)። ለምሳሌ 130 ግራም እርጥብ አፈር ደርቆ 100 ግራም ቢመዝን፣ እርጥበቱ 30 ከመቶ ነው ይባላል።

ነገር ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። 20 ከመቶ እርጥበት ያለው አሸዋማ መሬት ለተክል የሚበቃ ውሃ ሲኖረው፣ በዋልካ መሬት ግን በዚሁ 20 ከመቶ ተክሉ ሊጠወልግ ይችላል። ዋልካ ብዙ ውሃ ያጠራቅማል፤ ነገር ግን እንደ ንፉግ ሰው አጥብቆ ስለሚይዝ ለሥሩ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ሊቃውንት ቴንሲዮሜትር የተባለውን መሣሪያ ሠሩ፤ ይኸውም ጫፉ ሸክላ የሆነ፣ ውሃ የተሞላ ቱቦ ሲሆን፣ የሚለካው የውሃውን ብዛት ሳይሆን አፈሩ ውሃውን የያዘበትን ኃይል ነው። በአውስትራልያ የተሠራው ካሚሊዮን፣ ማለት እስስት፣ ደግሞ በመብራት ቀለም ይናገራል፤ ሰማያዊው እርጥብ፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ቀዩ ደረቅ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም ይረዳዋል። በአገራችንም በጎጃም በቆጋ መስኖ፣ ውሃው ወደ ታች እስከ ምን ድረስ እንደ ዘለቀ የሚያመለክት መሣሪያ በገበሬዎች ማሳ ላይ ተሞክሯል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 እና በ2015 ዓ.ም. የአፈርን እርጥበት ከሰማይ የሚለኩ ሳተላይቶች መጥቀዋል። ነገር ግን የሚያዩት የላይኛውን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እኛም በሽንኩርቱ ላይ የተሳሳትነው ይህንኑ ፊቱን ብቻ አይተን ስለሆነ፣ ዶማውን ገና አልጣልንም።

የመስኖ ተራ ያላችሁ ወላጆች «ተራዬ ካለፈኝ መቼ አገኛለሁ?» እያላችሁ፣ መሬቱ ቢጠጣም ባይጠጣም እንደምትለቁበት እናውቃለን። አንፈርድባችሁም። ሆኖም በቦዩ ራስ ያለው ሽንኩርት በውሃ ብዛት ሲበሰብስ፣ በቦዩ ጭራ ያለው ጎረቤት በጥማት ያጣል።

ስለ ሽምብራም አንድ ነገር እንንገራችሁ። ሽምብራ በዋልካ ላይ በክረምቱ መውጫ ተዘርቶ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው መሬቱ ባስቀረው እርጥበት ነው። ባለፈው መስከረም አንዱ ጓደኛችን አባቱን «ዝናቡ እየወጣ ነውና አሁኑኑ እንዝራ» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ መሬቱ ገና አልተነፈሰም፤ ዘሩን ታሰጥመዋለህ» አሉት። ተከራከሩ፤ በኋላም አብረው ቆፈሩ። ከታች ጭቃ ነበር። ትክክለኛው አባቱ ነበሩ። ጥቂት ቀናት ቆይተው ዳግመኛ ቆፍረው፣ አፈሩ ሲጨበጥ ጸንቶ ሲያገኙት ዘሩ።

ለግጦሽም ያው ነው። ከብት በረጠበ ዋልካ ላይ ሲሰማራ ኮቴው መሬቱን ይጠቀጥቀዋል፤ የሣሩም ሥር ይታፈናል። እረኞች ከመሰማራታቸው በፊት አንድ ጊዜ ቢጨብጡ ብዙ ጊዜ አይወስድባቸውም።

ከላቦራቶሪው ጀርባ ሁለት ጉድጓዶች ቆፍረን ትተናል፤ አንደኛው ትናንት የጠጣ መደብ ነው፤ ሁለተኛው ሰባት ቀን ያልጠጣ። ዶማው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ከስብሰባው በኋላ ወላጆቻችን መጥታችሁ እየጨበጣችሁ፣ የትኛው ውሃ እንደሚሻ ብትፈርዱልን እንወዳለን፤ በመካከላችን ገና አልተስማማንምና።