ጧሪ ቀባሪ ያጣች ከተማ

(በፍራንክፈርት ለተሰበሰቡ ወገኖች የተደረገ ንግግር)



 እኔ ፖለቲከኛ አይደለሁም፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕድሜዬን የፈጀሁት በውኃና በፍሳሽ ቧንቧ ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬም ከቧንቧ ጀምሬ ስለ ሀገራችን እጨርሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ያኔዋ ምሥራቅ ጀርመን መጥቼ ድሬስደን ተማርኩ፤ ዶክትሬቴንም እዚያው ሠራሁ። ከድሬስደን ብዙም የማትርቅ ሆየርስቬርዳ የምትባል ከተማ አለች። ቀድሞ ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት ነበረች። ከ1955 ጀምሮ በአቅራቢያዋ ትልቅ የከሰል ፋብሪካ ሲቋቋም ግን በሚገጣጠሙ ፎቆች ተሞልታ፣ በ1980ዎቹ ነዋሪዋ ወደ 70,000 ደረሰ። በተማሪነቴ ሳያት መንገዱ ሁሉ የሕፃን ጋሪ ነበር። ዛሬ ከግማሽ በታች ቀርቷታል፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው።

ለመሆኑ ምን ደረሰባት? በ1989 የበርሊን ግንብ ፈረሰ። ነፃነት መጣ፤ ነገር ግን ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ወጣቱ፣ በተለይም ወጣት ሴቶች፣ ወደ ምዕራብ ነጎዱ። የቀሩትም ለመውለድ ፈሩ። በመላው ምሥራቅ ጀርመን በ1989 ወደ 200,000 የሚጠጉ ልጆች ተወልደው ነበር፤ በ1994 ግን ቁጥሩ ከ80,000 በታች ወረደ። ረሃብም ጦርነትም አልነበረም። ሰው ነገን ማመን ስላቃተው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቧንቧዬ ልመለስ። ለ70,000 ሰው የተቀበረ ቧንቧ ለ30,000 ሰው ሲቀር አይጠብም። የሚጠጣው ውኃ በውስጡ ስለሚቆይ ይበላሻል። የፍሳሹም ጉዞ ስለሚዘገይ ቆሻሻው ይዘቅጣል፣ ይሸታል፣ ሲሚንቶውንም ይበላል። ስለዚህ ንጹሕ ውኃ እየለቀቅን ባዶ ቧንቧ እናጥባለን! ወጪው ያው ነው፤ የሚከፍለው ሰው ግን አነሰ። ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም፣ የጡረታው ካዝናም እንደዚሁ ነው። በ2000 ገደማ በምሥራቅ ጀርመን ወደ አንድ ሚሊዮን ቤቶች ባዶ ነበሩ፤ ከ2002 ጀምሮ መንግሥት ራሱ ገንዘብ እየከፈለ ብዙዎቹን አስፈረሰ። ቤት ለማግኘት ዓመታት የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ስለዚች ከተማ ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። በመስከረም 1991 ሕዝብ ቆሞ እያየና እያጨበጨበ፣ የሞዛምቢክና የቬትናም ሠራተኞች እንዲሁም ስደተኞች የሚኖሩባቸው ቤቶች ለቀናት በድንጋይና በእሳት ተደበደቡ። መንግሥትም ተጠቂዎቹን በአውቶቡስ ጭኖ ከከተማ አስወጣ። እኔ ያን ሳምንት ድሬስደን ውስጥ ሲመሽ ከቤት አልወጣሁም። ከተማዋ የተራቆተችው በዚህ ምክንያት ነው አልልም። ይሁንና ያችው ጀርመን የሚሠራላትና የሚያስታምምላት እጅ ሲያጥራት፣ የውጭ ሀገር ባለሙያ የሚገባበትን በር የሚያሰፋ ሕግ በ2020 ሥራ ላይ አውላለች። ያባረሩትን ሰው መፈለግ ይህ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በገጠር ኢትዮጵያ አንዲት እናት በአማካይ 5.2 ልጅ ስትወልድ፣ የአዲስ አበባዋ ግን 1.8 ብቻ ነበር የምትወልደው። በ2005ማ 1.4 ነበር። ትውልድ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። የአዲስ አበባ ሰው የቀነሰው እንደ ጀርመን ጠግቦ አይደለም። የቤት ኪራይ አስፈርቶት፣ ሥራ አጥቶ፣ ጋብቻን ሲያዘገይ ነው።

በባህላችን ልጅ ጧሪ ቀባሪ ነው። ጡረታ የማያገኘው ብዙኃን ሕዝብ ከልጁና ከዕድሩ ሌላ ዋስትና የለውም። ታዲያ ከ2020 ወዲህ በተደጋገመው ጦርነት ልጁን ማገድንበት፤ የተረፈው በበረሃና በባሕር ይሰደዳል። በ2024 ደግሞ ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ሲፈርሱ ጎረቤትና ዕድር አብረው ተበተኑ። ባለሥልጣኖቻችን የሚቆጥሩት ፎቅና አስፋልት ነው። ፎቅ ሽማግሌ አይጦርም! ሆየርስቬርዳም ፎቅ ሞልቷት ነበር።

ኢትዮጵያ ዛሬም ወላድ ናት፤ ወላድ መካን እንዳትሆን ነው ስጋቴ። ወጣት በብዛት ያለን በዚህ ዘመን ነው፤ ይህ ዕድል አልፎ አይመለስም። ጀርመን ሀብታም ሆና አረጀች፤ እኛ በድህነት ካረጀን የሚያነሳን የለም። መንግሥትን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ወጣቱ ሳይገደልና ሳይሰደድ፣ ሠርቶ፣ ቤት ይዞ፣ ልጅ ለማሳደግ የሚደፍርባት ሀገር ትኑር።

እኛም እዚህ አርጅተናል። ልጆቻችን አማርኛ ሳይሰሙ ካደጉ፣ እኛ ጀርመንኛው ሲጠፋን በምን ቋንቋ ይጦሩናል? ቤታችሁ ስትገቡ አስቡበት።

እግዚአብሔር ኢትዮጵያን ይባርክ!