የሲሚንቶ ገበር ከብረት ቧንቧ ጋር ያለው ቁርኝትና አፈታተኑ፦ በቆቦና በራያ ቆላ ሁኔታ ሲታይ



ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚወስደው ጎዳና ቆቦን አልፎ አላማጣ እስኪደርስ የሚያቋርጠው ሜዳ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ በደጋው ግድግዳ የታጠረ ነው። እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ለብዙ ዘመናት ያወረዱት ደለል በሆዱ ብዙ የከርሰ ምድር ውሃ ይዟል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ረኃቧን ዓለም ያየላት ኮረም ከዚሁ ሜዳ በላይ በተራራው ላይ መሆኗ ሲታሰብ፣ በቆቦ ጊራና ሸለቆ ውሃን ከጥልቅ ጉድጓድ ስቦ ማሳ ማድረስ ምን ያህል የኑሮ ጉዳይ እንደ ሆነ ይገለጻል። ውሃውን የሚያደርሰው ደግሞ ቧንቧ ነው።

እርቃኑን የቆመ ብረት በውሃ ይዝጋል። ስለዚህ የብረት ቧንቧ ውስጡ በሲሚንቶና በአሸዋ ቡኬት ይገበራል። ሲሚንቶው በሚፈጥረው ከፍተኛ አልካሊነት የብረቱ ገጽ ከዝገት ይጠበቃል። ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ የሚጸናው ገበሩ ከብረቱ ሳይላቀቅ እስከ ቆየ ድረስ ብቻ ነው።

ቁርኝቱ እንደ ሙጫ ማጣበቅ አይደለም፤ ይልቁንም ቡኬቱ የብረቱን ሻካራ ገጽ ጨብጦ መያዙ ነው። ቡኬት ሲደርቅ ይኮማተራል። ገበሩ በውስጥ በኩል ስለሆነ መኮማተሩ ከብረቱ ወደ መሐል ያሸሸዋል። ለምሳሌ ያህል፣ የውስጥ ስፋቱ 300 ሚሊ ሜትር በሆነ ቧንቧ ውስጥ ቡኬቱ በአንድ ሜትር 0.6 ሚሊ ሜትር ቢኮማተርና ከብረቱ ቢላቀቅ፣ በዙሪያው 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይከፈታል። እንደገና ሲርስ ያብጣል፤ ቀጫጭን ስንጥቆችም በኖራ ዝቃጭ ይደፈናሉ። እንግዲህ የገበር ጠላቱ ድርቀት ነው።

የቆላው ችግር ከዚህ ይጀምራል። ፓምፑ በክረምት ወይም በኤሌክትሪክ መቋረጥ ምክንያት ሲቆም፣ ባዶውን የቀረው መስመር በቆቦ ሙቀት ይደርቃል፤ ገበሩም ይሰነጠቃል። ውሃው ሲመለስ በስንጥቁ ገብቶ ከገበሩ ጀርባ ይቆማል። 100 ሜትር የውሃ ከፍታ ባለበት መስመር ግፊቱ በካሬ ሚሊ ሜትር 1 ኒውተን ያህል ነው። ፓምፑ ድንገት ቆሞ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ቢወርድ፣ ከኋላ የታሰረው ውሃ እስኪያመልጥ ድረስ ገበሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የተገነጠለው ቁራጭም ተጉዞ ቫልቭ ይዘጋል።

ቁርኝቱ በሦስት መንገድ ይፈተናል። አንደኛው፣ እንስራ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ እንደሚያዳምጠው፣ ገበሩን በትንሽ መዶሻ መምታት ነው፤ የተላቀቀው ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ቀለበት ቆርጦ ብረቱን ደግፎ ገበሩን በመጫኛ መኪና መግፋት ነው። ርዝመቱ 200 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀለበት የመገናኛ ገጹ 188,500 ካሬ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ገበሩ በ94 ኪሎ ኒውተን ቢንሸራተት፣ አማካይ ጥንካሬው በካሬ ሚሊ ሜትር 0.5 ኒውተን ይሆናል። የመቁረጫው ሙቀት ቁርኝቱን እንዳያበላሽ በውሃ እያቀዘቀዙ መቁረጥ ይገባል። ሦስተኛው፣ በገበሩ ላይ የብረት ቁራጭ በሙጫ አጣብቆ፣ ዙሪያውን እስከ ብረቱ ቆርጦ በቀጥታ መሳብ ነው። መግፋቱ መንሸራተትን፣ መሳቡ መገንጠልን ስለሚለካ፣ የአንዱ ውጤት የሌላውን አይተካም።

በነዳጅ ዘይት ሥራ ስስ የማይዝግ ብረት በግፊት ተለጥጦ ከወፍራሙ ቧንቧ ጋር ሲጣበቅ፣ ጨበጣው የሚመረመረው ቧንቧውን ቆርጦ ገበሩ ምን ያህል እንደ ተፈታ በመለካት ነው። መርሁ አንድ ነው፤ የሚፈተነው ገበሩ ብቻ ሳይሆን መያዙም ጭምር ነው።

ከዚህም የተነሣ በቆላ ለሚዘረጋ መስመር ከፋብሪካ የወጣውን ርጥብ ቀለበት ብቻ ፈትኖ መቀበል አይበቃም። ከዚያው ቧንቧ ሁለተኛ ቀለበት ደርቆ፣ እንደገና ርሶ ሊፈተንና ውጤቶቹ ሊነጻጸሩ ይገባል። በብየዳ ቦታ በእጅ የሚለሰነው ቡኬት በርጥብ ጆንያ ይሸፈን፤ የቧንቧው አፍ እስኪገጠም ድረስ ይዘጋ፤ ፓምፑ በሚቆምበት ወራትም መስመሩ ውሃ እንደ ሞላ ይቆይ። ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው። ሽንኩርቱ ፍሬ በያዘበት ሳምንት ውሃ የተቋረጠበት ገበሬ የሚከፍለው ዋጋ ግን ከቀለበቶቹ ፈተና እጅግ ይበልጣል።